የትሮፖኒን ውጤት «ኔጌቲቭ» ተብሎ ብቻ አይጻፍ
(ግልጽ ደብዳቤ)

ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳየው የደም ምርመራ ውጤት አጻጻፍና ከሪፈር ጋር አላላክ መመሪያ እንዲወጣለት ስለመጠየቅ

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚነሳበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙም በማይርቅ ሰፈር በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የምሠራ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍላችሁ ነገሩ የአንድ ክሊኒክ ወይም የአንድ ባለሙያ ጉዳይ ስላልሆነ፣ መፍትሔውም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅና በእናንተ መመሪያ ሊመጣ የሚችል ስለሆነ ነው። የምጠይቀው የትሮፖኒን (የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስስ ፕሮቲን) ምርመራ ውጤት «ኔጌቲቭ» ወይም «ፖዘቲቭ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ተጽፎ እንዳይሰጥ፣ ምርመራው በየትኛው ኪት ወይም ማሽን እንደተሠራ፣ ኪቱ ከስንት ጀምሮ እንደሚያይ፣ ቁጥሩ በምን መለኪያ እንደተጻፈና ደሙ በስንት ሰዓት እንደተቀዳ በግዴታ እንዲሰፍር፣ ሕመምተኛው ወደ ሆስፒታል ሲላክም የተቀዳው ደም አብሮት እንዲሄድ ነው።

በከተማዋ ዳርቻ የምንሠራ ሰዎች የደረት ሕመምን የምናገኘው ገና ስሙ ሳይወጣለት ነው። የጭነት መኪና ሹፌሩ «ብርድ መታኝ» ይላል፤ እናቶች «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ይላሉ፤ ስኳር ያለባቸው አዛውንት ደግሞ አንዳንዴ ሕመሙ ሳይሰማቸው ድካምና ላብ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ሐኪሙ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚያሳይ ምርመራ) ያስነሳል፣ የላብ ወረቀት ይጽፋል፣ እኛም በአብዛኛው ያለንን ካሴት (ውጤቱ በመስመር የሚነበብ ትንሽ የፈጣን ምርመራ ዕቃ) አውጥተን ጥቂት ጠብታ ደም ወይም ሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) እናደርግበታለን፤ ከ10 እስከ 15 ባለው ደቂቃ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ ከወጣ «ትሮፖኒን፦ ኔጌቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ወረቀቱ ከክሊኒኩ በር ሲወጣ ግን ያልተጻፈበትን ትርጉም ይዞ ይወጣል። ቤተሰብ «ልብህ ደህና ነው ተብለሃል» ብሎ ያጽናናል፤ ሕመምተኛው ወረቀቱን አጣጥፎ ያስቀምጥና ሕመሙ ሲመለስበት «የልብ ተመርምሬ ነፃ ነኝ» እያለ ለሌላ ሐኪም ያሳያል፤ ወይም ጨርሶ ሳይሄድ ይቀራል። ወረቀቱ ግን ልብ ደህና ነው አላለም። ያለው ነገር ቢኖር በዚያ ሰዓት በተቀዳው ጠብታ ውስጥ፣ ካሴቱ ላይ ያሉት አንቲቦዲዎች (አንድን ነገር ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖች) ሊያዩት የሚችሉትን ያህል ትሮፖኒን አልተገኘም የሚል ብቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ርቀት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ በጥቂቱ እንድዘረዝር ፍቀዱልኝ።

ትሮፖኒን ጡንቻ በካልሲየም ትእዛዝ እንዲኮማተርና እንዲላላ የሚያደርግ የሦስት ፕሮቲኖች ጥምረት ነው፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጃፓናዊው ሴትሱሮ ኤባሺ ተገኘ። ሦስቱ ትሮፖኒን ሲ፣ ትሮፖኒን አይ እና ትሮፖኒን ቲ ይባላሉ። ትሮፖኒን ሲ በልብም በአንዳንድ የእጅና የእግር ጡንቻዎችም አንድ ዓይነት ስለሆነ ለልብ ምርመራ አይረዳም። ትሮፖኒን አይ እና ትሮፖኒን ቲ ግን በልብ ውስጥ ያላቸው የአሚኖ አሲድ አደራደር በሌላው ጡንቻ ካለው ይለያል፤ ለምሳሌ የልቡ ትሮፖኒን አይ በመነሻው ላይ በሌሎቹ የማይገኝ 30 ያህል አሚኖ አሲዶች ያሉት ተጨማሪ ክፍል አለው። የልብ ጡንቻ ሕዋስ ሲጎዳ እነዚህ ፕሮቲኖች ወደ ደም ይፈስሳሉ። ከዚህ በፊት ይሠራባቸው የነበሩት ኢንዛይሞች በሌሎች ጡንቻዎችና አካላትም ስለሚገኙ ከባድ ዕቃ የተሸከመን ወዛደር ልቡ ከተጎዳ ሰው ለመለየት ያስቸግሩ ነበር። ትሮፖኒን ይህን ችግር በአብዛኛው ፈታው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛው ዓለም አቀፍ የልብ ጡንቻ ድንገተኛ ሞት (ሃርት አታክ) ትርጉምም የተመሠረተው በእርሱ ላይ ነው፤ የትሮፖኒን መጠን ከጤነኞች 99ኛ ፐርሰንታይል (ከ100 ጤነኞች የ99ኙ መጠን ከማያልፈው ወሰን) በላይ መሆኑና በተከታታይ ናሙናዎች ከፍ ወይም ዝቅ ሲል መታየቱ፣ ከሕመም ምልክት ወይም ከኢሲጂ ለውጥና ከመሳሰሉት ጋር ሲገናኝ ማለት ነው። እዚህ ላይ «በተከታታይ ናሙናዎች» የሚለውን እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ፕሮቲን ደም ውስጥ ካሉት እልፍ አእላፍ ፕሮቲኖች መካከል ለይቶ የሚያወጣው አንቲቦዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ጆርጅ ኮህለርና ሴሳር ሚልስታይን በካምብሪጅ አንድ ዓይነት አንቲቦዲን ብቻ ያለማቋረጥ የሚያመርት የሕዋስ ዝርያ መፍጠር ቻሉ፤ በ1984ም ከኒልስ ያርኔ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ዛሬ በእኛ ካሴት ላይም ሆነ በትልልቅ ሆስፒታሎች ማሽን ውስጥ ያሉት አንቲቦዲዎች በአብዛኛው የዚያ ሥራ ልጆች ናቸው። ምርመራው የሚሠራው ቢያንስ በሁለት አንቲቦዲዎች ነው፤ አንዱ ትሮፖኒኑን ይይዘዋል፣ ሌላው በያዘው ላይ ተጨምሮ ምልክት ይሰጣል፤ በካሴቱ ላይ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ የወርቅ ብናኝ የሚፈጥረው ቀይ መስመር ነው፣ በማሽን ላይ ደግሞ ብርሃን ነው። አንቲቦዲ ፕሮቲኑን በሙሉ አያይም፤ የሚያየው ጥቂት አሚኖ አሲዶች የሚሠሩትን አንድ ትንሽ ቦታ ነው። አንድን ሰው አንዱ በፊቱ፣ ሌላው በአረማመዱ እንደሚያውቀው፣ ሁለት አምራቾች የሠሯቸው አንቲቦዲዎችም ያንኑ ትሮፖኒን በተለያየ ቦታው ያውቁታል።

ልዩነቱ ከባድ የሚሆነው ደም ውስጥ የሚዞረው ትሮፖኒን አንድ ወጥ ስላልሆነ ነው። ከልብ ሲወጣ ትሮፖኒን አይ በአብዛኛው ከትሮፖኒን ሲ ጋር እንደተጣበቀ ነው፤ ኢንዛይሞች ጫፍና ጫፉን ይቆርጡታል፤ ፎስፌት የተጨመረበትም ያልተጨመረበትም ይገኛል። ከ209ኙ አሚኖ አሲዶቹ መካከል በትሮፖኒን ሲ ተሸፍኖ ሳይቆረጥ የሚቆየው በግምት ከ30ኛው እስከ 110ኛው ያለው መካከለኛ ክፍል ነው። አንቲቦዲዎቹ ጫፉን የሚፈልጉ ከሆነ ጫፉ የተቆረጠውን ትሮፖኒን ሳያዩት ያልፋሉ፤ መሃሉን የሚፈልጉ ከሆነ ያገኙታል። ስለዚህ የአንድ ሰው ደም በአንድ ሰዓት ተቀድቶ በሁለት ማሽን ቢሠራ፣ ሁለቱም ማሽኖች ትክክል ሆነው ሳለ፣ ሁለት የተራራቁ ቁጥሮች ሊወጡ ይችላሉ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት 2921 የተባለውን የልብ ትሮፖኒን ማመሳከሪያ አዘጋጅቶ እንኳን የትሮፖኒን አይ ምርመራዎችን ቁጥር አንድ ማድረግ አልተቻለም፤ አንቲቦዲዎቹ የሚያዩት ቦታ እስከተለያየ ድረስ ማመሳከሪያ ብቻውን አያቀራርባቸውም። ትሮፖኒን ቲን በማሽን የሚለካው በዋናነት አንድ አምራች፣ ሮሽ፣ በመሆኑ በዚያ በኩል ችግሩ ቀላል ነው፤ ትሮፖኒን አይን ግን ብዙ አምራቾች በየራሳቸው አንቲቦዲ ይለኩታል።

የአንቲቦዲ ምርጫ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የትሮፖኒን ቲ ታሪክ በደንብ ያሳያል። ሁጎ ካቱስና ባልደረቦቹ በጀርመን ሃይደልበርግ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጡት የመጀመሪያው ምርመራ ከሁለቱ አንቲቦዲዎቹ አንዱ ለልብ ብቻ የተለየ ስላልነበረ፣ የእጅና የእግር ጡንቻቸው በብርቱ የተጎዳ ሰዎችን ልባቸው የተጎዳ አስመስሎ ያሳይ ነበር። በሁለተኛው ትውልድ ያ አንቲቦዲ በሌላ ተተካና ችግሩ ተቃለለ። ሕመምተኞቹ ያው፣ ደማቸውም ያው ነበር፤ ውጤቱን የቀየረው አንቲቦዲው ነው። ታዲያ በአንድ የውጤት ወረቀት ላይ የኪቱ ስም ሳይጻፍ ውጤቱ ብቻ ቢጻፍ፣ ማን እንዳየ ሳይነገር ምን እንደታየ ብቻ መነገሩ ነው።

አሁን ወደ ካሴቱ ልመለስ። ገበያ ላይ ያሉ በዓይን የሚነበቡ ብዙ የትሮፖኒን አይ ካሴቶች መስመር የሚያወጡት መጠኑ 0.5 ናኖግራም በሚሊሊትር ሲደርስ ነው፤ ይህ በሊትር ሲሰላ 500 ናኖግራም ነው። በአንጻሩ ከፍተኛ ጥራት ካላቸው (እጅግ ትንሽ መጠንንም መለየት ከሚችሉ) ማሽኖች አንዱ የሆነው የአቦት አርኪቴክት የጤነኞች የላይኛ ወሰን ለሴቶች 16፣ ለወንዶች 34 ናኖግራም በሊትር ነው፤ የሮሽ ትሮፖኒን ቲ ወሰን ደግሞ 14 ናኖግራም በሊትር ነው። ከላይ እንዳልሁት የአንዱን ምርመራ ቁጥር በሌላው ላይ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ቢሆንም የልዩነቱን ስፋት ለማየት ያህል፣ በማሽን ከወሰኑ አሥር እጥፍ ያለፈ ሕመምተኛ በካሴት «ኔጌቲቭ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል። በተለይ የሴቶች ወሰን ከወንዶች ያነሰ መሆኑን ስናስብ፣ «ጨጓራዬ ነው» ብለው የሚመጡት እናቶች በካሴቱ የመታየት ዕድላቸው ከሁሉ የጠበበ መሆኑ ያሳዝነኛል።

በካሴቱ ላይ ያለው የቁጥጥር መስመርም ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይታመናል። ያ መስመር መውጣቱ የሚያረጋግጠው ፈሳሹ በወረቀቱ ላይ መሄዱንና የቁጥጥሩ አንቲቦዲ መሥራቱን ነው፤ ትንሽ መጠን ያለው ትሮፖኒን ቢኖር ኖሮ ይታይ እንደነበር አያረጋግጥም። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በከረመ መጋዘን ከተፈቀደው ሙቀት በላይ የቆየ ካሴትም የቁጥጥር መስመሩን ሊያወጣ ይችላል። በዚሁ አጋጣሚ፣ ካሴቱ ላይ የታተመችውን «ቲ» የምትል ፊደል አይተው «ትሮፖኒን ቲ» ብለው የጻፉ የውጤት ወረቀቶች አጋጥመውኛል፤ ፊደሏ የምርመራ መስመሩን ቦታ ነው የምታመለክተው፣ ኪቱ የሚያየው ግን ትሮፖኒን አይን ነበር። ሆስፒታል ያለው ሐኪም በዚያ ወረቀት ተመርቶ የራሱን የትሮፖኒን ቲ ውጤት ቢያነጻጽር የሚያነጻጽረው ሁለት የተለያዩ ፕሮቲኖችን ነው።

ካሴቱ ይከልከል እያልሁ አይደለም። ለእኛ አካባቢ ብዙ ጊዜ ያለው እርሱ ብቻ ነው፤ ሁለት መስመር ሲያወጣ ሕመምተኛውን ያለማመንታት ለመላክ ይረዳናል። የምቃወመው በአንድ ናሙና የሰጠውን «ኔጌቲቭ» ለማሰናበቻ መጠቀምን ነው። ኢሲጂው ግልጽ የኤስቲ ከፍታ (የልብ ደም ሥር መዘጋትን የሚጠቁም ለውጥ) ካሳየ ደግሞ ትሮፖኒንን መጠበቅ ራሱ ጊዜ ማባከን ነው፤ ሕመምተኛው ወዲያውኑ መላክ አለበት።

የሕመምተኛው የራሱ ደምም ምርመራውን ሊያሳስት ይችላል። የሰው አካል አንዳንዴ የገዛ ፕሮቲኑን የሚይዝ አንቲቦዲ ይሠራል፤ በአገራችን የሩማቲክ ልብ ሕመም የሚጀምረው፣ በጉሮሮ ባክቴሪያ ላይ የተሠራው አንቲቦዲ የልብን ማዮሲን ከባክቴሪያው ፕሮቲን ጋር በማመሳሰሉ እንደሆነ ሐኪሞቻችን ጠንቅቀው ያውቃሉ። በትሮፖኒንም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ። በፊንላንድ የቱርኩ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ ያሉ አንቲቦዲዎች ትሮፖኒን አይን ይሸፍኑታል፤ የሚሸፍኑትም ብዙ አምራቾች «የማይቆረጥ» ብለው የመረጡትን መካከለኛ ክፍል በመሆኑ የኪቱ አንቲቦዲ ሲመጣ ቦታው ተይዞ ያገኘዋል፤ ውጤቱ ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል። በተቃራኒው ሁለቱን የኪት አንቲቦዲዎች ያለ ትሮፖኒን የሚያገናኙ ሄትሮፊል የሚባሉ አንቲቦዲዎችና የሩማቶይድ ፋክተር ውጤቱን በሐሰት ከፍ ያደርጉታል፤ በደንብ ሳይረጋ የተሠራ ሴረምም እንዲሁ። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲመጣ ከሁሉ የሚረዳው መንገድ ናሙናውን በሌላ አንቲቦዲ በሚሠራ ምርመራ መድገም ነው። ወረቀቱ የመጀመሪያው ምርመራ በምን እንደተሠራ ካልነገረ ግን «ሌላ» የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል?

ለጸጉርና ለጥፍር እየተባለ በከተማችን ሱቆች ሳይቀር የሚሸጠውን ባዮቲን የተባለ ቫይታሚንንም ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰውነት በቀን የሚያስፈልገው 30 ማይክሮግራም ያህል ሆኖ ሳለ አንዱ ፍሬ 5 ወይም 10 ሚሊግራም ሊይዝ ይችላል። አንቲቦዲውን ለመያዝ ባዮቲንና ስትሬፕታቪዲን (ባዮቲንን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን) በሚጠቀሙ ምርመራዎች ላይ ይህ መጠን ትሮፖኒንን በሐሰት ዝቅ ሊያደርግ ይችላል። የአሜሪካ ምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ብዙ ባዮቲን ይወስድ የነበረ ሕመምተኛ በሐሰት ዝቅ ካለ የትሮፖኒን ውጤት በኋላ መሞቱ እንደተነገረው ገልጿል። ናሙና የሚቀዳው ባለሙያ «የጸጉር ኪኒን ትወስጃለሽ ወይ?» ብሎ መጠየቁ ምንም ወጪ የለውም፤ ጥያቄው በላብ ወረቀቱ ላይ ታትሞ ቢመጣ ግን በየዕለቱ ይጠየቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በእኛ በኩል አደጋው የሚበዛው በሰዓት ላይ ነው። ትሮፖኒን ልብ በተጎዳበት ቅጽበት ደም ውስጥ ሞልቶ አይገኝም። ከፍተኛ ጥራት ባላቸው ማሽኖች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መጨመሩ ይታያል፤ በቆዩት ምርመራዎች ሦስት ወይም አራት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ከፍታውን ይዞም ለብዙ ቀናት ይቆያል። ስለዚህ ሕመሙ በጀመረ በአንድ ሰዓት ውስጥ እኛ ዘንድ የደረሰ ሰው በካሴት «ኔጌቲቭ» መሆኑ የሚጠበቅ ነገር ነው። ለዚህ ነው ሁለተኛ ናሙና የሚያስፈልገው፤ በከፍተኛ ጥራት ማሽን ከ1፣ ከ2 ወይም ከ3 ሰዓት በኋላ፣ በቆዩት ምርመራዎች ከ6 ሰዓት በኋላ። ትሮፖኒኑ ከመጀመሪያውም ከፍ ያለ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ እንደሚታየው፣ አዲስ ጉዳት መኖሩን ለማለት በሁለቱ ናሙናዎች መካከል ከ20 በመቶ በላይ ለውጥ ይፈለጋል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሁለቱም ናሙናዎች በአንድ ዓይነት ምርመራ ከተሠሩ ብቻ ነው። ከእኛ ክሊኒክ ወጥቶ ሆስፒታል የሚደርስ ሕመምተኛ የመጀመሪያ ውጤቱ በእኛ አንቲቦዲ፣ ሁለተኛው በሆስፒታሉ አንቲቦዲ ይሆናል፤ ሁለቱን ቀንሶ «ጨምሯል» ወይም «ቀንሷል» ማለት አይቻልም። ሐኪሙ ይህን ካወቀ የእኛን ውጤት ትቶ ከዜሮ ይጀምራል፤ ሕመምተኛው በመንገድ ያጠፋው ሰዓት ከንቱ ይቀራል። ካላወቀ ደግሞ የባሰ ነው።

በዚህ ላይ የእኛና የማሽኑ ሰዓት አቆጣጠር ይጨመራል። ነርሷ ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት «8፡00» ብላ ትጽፋለች፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ማለቷ ነው። ማሽኑ ያንኑ ሰዓት «14፡00» ብሎ ያትማል። ሪፈሩን የሚቀበለው ሐኪም 8፡00ን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ካነበበው ናሙናው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የተቀዳ ይመስለዋል። ልዩነቱ ልክ 6 ሰዓት ነው፤ ሁለተኛው ናሙና እስኪቀዳ መጠበቅ ያለበትን ጊዜ ያህል ማለት ነው። በዚህ የተነሳ ሁለተኛው ናሙና በጊዜው የተቀዳ መስሎ ሊታይና «ሁለቱም ኔጌቲቭ ናቸው» ተብሎ ሰው ሊሰናበት ይችላል። የሰዓት አጻጻፉ «ከቀኑ»፣ «ከሌሊቱ» ወይም «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚል ቃል እንዲኖረው በመመሪያ መደንገግ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ይጠይቃል።

መለኪያውንም እንዲሁ። ወረቀት ላይ «0.3» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ በሚሊሊትር ከሆነ 300 ናኖግራም በሊትር፣ ማለትም ከወሰኑ እጅግ የራቀ ነው፤ በሊትር ከሆነ ደግሞ ከምንም የማይቆጠር ነው። ሁለቱንም መለኪያ የሚጠቀሙ ማሽኖች ስላሉ አንባቢው እንዲገምት መተው አይገባም።

ስለዚህ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የትሮፖኒን ኪት ሲመዘግብ፣ ኪቱ ከስንት ጀምሮ እንደሚያይ በካርቶኑና በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ በሊትር ተሰልቶ በጉልህ እንዲጻፍ፣ አንቲቦዲዎቹ የትኛውን የፕሮቲኑን ክፍል እንደሚይዙና በምን እንደሚታወኩ አስመጪው እንዲያስረዳ ቢጠይቅ ለእኛ ለተጠቃሚዎች ትልቅ እገዛ ይሆናል። የጤና ቢሮው ደግሞ የላቦራቶሪ ውጤት ወረቀቱን ቅጽ የማስተካከል ሥልጣን አለው፤ ትሮፖኒን አይ ወይስ ቲ፣ የኪቱ ስም፣ ወሰኑ፣ መለኪያው፣ ሕመሙ የጀመረበትና ደሙ የተቀዳበት ሰዓት የሚሞሉባቸው ቦታዎች ታትመውበት፣ ከሥሩም «አንድ ኔጌቲቭ ውጤት የልብ ጉዳት አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ከ6 ሰዓት በኋላ ይደገም» የሚል ዓረፍተ ነገር በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢጻፍበት፣ ወረቀቱን የሚያነበው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ሕመምተኛውና ቤተሰቡም ይረዱታል። የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱን የምጠይቀው ለላቦራቶሪዎች ጥራት ምዘና በሚላኩ ናሙናዎች መካከል ብዙ ትሮፖኒን ያለው ብቻ ሳይሆን ከወሰኑ ጥቂት ከፍ ያለውም እንዲገኝበት ነው፤ ብዙ ትሮፖኒን ያለበትን ናሙና ማንኛውም ካሴት ያየዋል፣ የሚፈትነን ትንሹ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እንድታስቡበት የምለምናችሁ ስለ ቱቦው ነው። ለትሮፖኒን የምንቀዳው ደም አብዛኛውን ጊዜ ለካሴቱ ከሚፈለገው በብዙ ይበልጣል፤ ቀሪው በመደርደሪያ ላይ ቆይቶ ይጣላል። ያንን ደም ሴንትሪፊዩጅ አድርገን፣ ሴረሙን ወይም ፕላዝማውን በንጹሕ ቱቦ ለይተን፣ ስሙንና የተቀዳበትን ሰዓት ከነአቆጣጠሩ ጽፈን፣ በበረዶ መያዣ ከሕመምተኛው ጋር በአምቡላንሱ ብንልከው፣ ሆስፒታሉ በራሱ ማሽን የመጀመሪያውንም ሁለተኛውንም ናሙና በአንድ ዓይነት አንቲቦዲ መሥራት ይችላል። በብዙ አምራቾች መመሪያ መሠረት በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል የተቀመጠ ናሙና ለ24 ሰዓት ስለሚቆይ መንገዱ ቢዘጋም አይበላሽም። ከቱሉ ዲምቱ እስከ መሃል ከተማ ያለፈው ጊዜ ያን ጊዜ ኪሳራ መሆኑ ይቀርና በሁለቱ ናሙናዎች መካከል የሚፈለገው ክፍተት ራሱ ይሆናል፤ ሕመምተኛው ድንገተኛ ክፍል እንደገባ የሚቀዳው ደም ሁለተኛው ናሙናው ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቱቦ፣ አንድ ትንሽ የበረዶ መያዣ፣ የተቀባዩ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ከውጭ የመጣን ናሙና እንዲቀበል የሚያዝዝ ደብዳቤና የትኛው ዓይነት ቱቦ ለየትኛው ማሽን እንደሚሆን የሚገልጽ ዝርዝር ነው። ዛሬ ናሙናውን ይዞ የሄደ ቤተሰብ «የእኛ አይደለም፣ አንቀበልም» ቢባል የሚያቀርበው መመሪያ የለውም፤ እኛም የምንጽፍለት ቅጽ የለንም።

በአንድ ክፍለ ከተማና በዙሪያው ባሉ የሸገር ከተማ አካባቢዎች ይህን አላላክ ለተወሰነ ጊዜ በሙከራ መጀመር ይቻላል። እኔና በአካባቢያችን ያሉ ጥቂት የላቦራቶሪ ባልደረቦቼ የቅጹን ረቂቅ ለማዘጋጀት፣ የሚላኩትን ናሙናዎች ለመመዝገብና ውጤቱን በየጊዜው ለቢሮው ለማቅረብ ፈቃደኞች ነን። በምትጠሩን ቦታና ሰዓት ተገኝተን ለማስረዳትም ዝግጁ ነን።

ከከበረ ሰላምታ ጋር

የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ
አቃቂ ቃሊቲ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለጤና ሚኒስቴር
ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት
ለኦሮሚያ ክልል ጤና ቢሮ